ቆጮ ቆጮ የሚሸተው ካሜራ

ስሙ ገብረእግዚአብሔር ነው። ግን ቡታጅራ ውስጥ ይህን ስም ከነሙሉው የሚጠራ ሰው ለብዙ ዓመት አልነበረም፤ ስሙ ረጅም ነው፣ ሰው ደግሞ ሥራ አለው። ለጎረቤቱ ጋሽ ገብሬ ነው። ኬሚስትሪ ለሚያስተምራቸው ልጆች ቲቸር ነው። ለሰፈሩ ውሪዎች ደግሞ፣ አፋቸውን ይያዝላቸውና፣ አባ ኮዳ ነው። ያ ቄራው አጥር ጥግ ተገትሮ የሚውለው ትልቅ ወፍ፣ መላጣው፣ እግረ ረጅሙ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው የለም? እሱን ነው የሚሉት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ልጆቹ አልተሳሳቱም። ጋሽ ገብሬም ራሱ ገላጣ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሲሄድም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ ነው። ሲጠሩት እየሰማ አንድም ቀን አልተቆጣም። "ምን አለበት፣ ደህና ወፍ ነው" ይላል።

ደግሞ ፈሪ ነው። ይህን የምለው ላማው አይደለም፤ ራሱ በአፉ የሚናገረው ነገር ነው። ውሻ ይፈራል። ነጎድጓድ ይፈራል፤ ሰማዩ ገና ሲጠቁር ሮጦ ቆጣሪ የሚያጠፋው እሱ ነው። ሚኒባስ ሲሳፈር የፊቱን ወንበር ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው። ሚስቱ አዛለች የቡኢ ልጅ ናት፣ እባብ በመጥረጊያ ጠርጋ የምታስወጣ ሴት። "የቤቱን ፍርሃት ሁሉ አንተ ጠቅልለህ ወስደኸው ለኔ የተረፈኝ የለም" እያለች ትስቅበታለች። ከሰሜን፣ ከእንትጮ በመምህርነት ተመድቦ ሲመጣ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ዓመት አስተምሬ ዝውውር እጠይቃለሁ ብሎ። አዛለችን አገባ፣ ማዕዶትን ወለዱ፣ ማዕዶት አድጋ ወልቂጤ ልትማር ሄደች፣ የዝውውሩ ነገር በዚያው ቀረ።

ይህን ሰው ፍርሃት የማያገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ካሜራው ጀርባ። ካሜራውን የገዛው ሰርግ ያነሳ ከነበረ ሰው ላይ ነው፤ ሌንሱ እንደ ዘነዘና ረጅም። የሚያነሳው ወፍ ነው። ጫካ ገብቶ ወይ ሐይቅ ወርዶ ግን አይደለም። "ከኛው ጋር የሚኖሩት እያሉ ምን ልሁን ብዬ ነው ጫካ የምሄደው?" ይላል። ልኳንዳ ደጅ ከሰው እጅ ሥጋ መንትፋ የምትሄደውን ጭልፊት ያነሳል። ዝናብ ሲያባራ የትምህርት ቤቱን ሜዳ በረጅም አፉ የሚወጋጋውን ጋጋኖ፣ ጥንብ አንሳውን፣ ቁራውን፣ መስጊዱ ጣሪያ ላይ ሲጎርሩ የሚውሉትን እርግቦች ያነሳል። ወፊቱ ስትጣላ፣ ልጇን ስታበላ እያየ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ውሻ መጥቶ እግሩ ሥር ቢተኛ እንኳ አያውቅም።

እሱ በተወለደበት በሰሜን ጦርነቱ የተነሳ ጊዜ ነው ነገሩ የተበላሸው። ማንም አልነካኝም ይላል፤ ይህን ደጋግሞ ነው የሚናገረው፣ እውነትም ማንም አልነካውም። ግን የመምህራን ማረፊያ ሲገባ ወሬው ቀጥ ማለት ጀመረ። ስንት ዓመት ጋሽ ገብሬ ሲሉት የኖሩ ሰዎች ድንገት ሙሉ ስሙ ትዝ አላቸው። "አቶ ገብረእግዚአብሔር፣ እንዴት አደሩ?" አለው አንድ ማለዳ አብሮት ዳማ የሚጫወት ሰው። በአንቱታ! ትናንት "አንተ አባ ኮዳ፣ በላሁህ" ሲለው የነበረ ሰው! ጋሽ ገብሬ ቤቱ ገብቶ በሩን ቆለፈና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ካሜራውን ምን ላድርገው?" አላት አዛለችን። "ቤት ቢፈተሽ፣ ይህን የመሰለ ሌንስ ቢያገኙ፣ ወፍ ነው የማነሳበት ብል ማን ያምነኛል?"

አዛለች ብዙ አላሰበችም። እናቷ ክፉ ቀን ሲመጣ ዕቃ የምትደብቅበትን ቦታ ታስታውሳለች፤ ጓሮ ያለው የቆጮ ጉድጓድ ነው። ማን መጥቶ የሚብላላ ቆጮ ይገለብጣል? ካሜራውን በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቀለለችው፣ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ከተተችው፣ ከእንሰት ቅጠሉ ሥር ከቆጮው ጎን ቀበረችው፣ ከላይ ድንጋይ ጫነችበት። ጋሽ ገብሬ በመስኮት ሆኖ ያያል። የገዛ ቀብሩን የሚያይ ነበር የመሰለው። ከዚያ በኋላ ወፍ ሲያልፍ ቀና ብሎ ማየቱንም ተወ።

ክፉው ጊዜ አለፈ ተባለ። ዳማ ተጫዋቹም ምንም እንዳልተፈጠረ "ጋሽ ገብሬ" ወደ ማለቱ ተመለሰ። ካሜራው ከጉድጓድ ወጣ፤ ይሠራል፣ ተመስገን። ግን ሽታው! ጠረጉት፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ ጥጥ በአልኮል ነክረው አሹት፤ ወይ ፍንክች። "ክትፎው ብቻ ነው የጎደለው" ትላለች አዛለች። እሷ ትሳቅ እንጂ ጋሽ ገብሬ ዓይኑን ካሜራው ላይ ባስጠጋ ቁጥር ያ የቀበሩበት ቀን በአፍንጫው ይመጣበታል።

ዘንድሮ በልግ ላይ አንዲት ጭልፊት ከጓሯቸው ጀርባ ያለው የስልክ ታወር ላይ ጎጆ ሠራች። ጭልፊት ጎጆ ስትሠራ እንጨት ብቻ አይበቃትም፤ የሰው ዕቃ ትወዳለች። ካልሲ ትለቅማለች፣ የማዳበሪያ ክር ትለቅማለች፣ ከልብስ መስጫ ላይም ታነሳለች። በዚያው ሰሞን የጎረቤታቸው የሳሌሃ ሻሽ ጠፋ።

ሳሌሃ በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናት። ሱቋ በመንገዱ በኩል፣ ቤቷ ከኋላ፣ ጓሮዋ ከነጋሽ ገብሬ ጓሮ ጋር አጥር ይጋራል። የጠፋው ሻሽ እንዲሁ ሻሽ አልነበረም። አረንጓዴ ሆኖ ዳሩ ላይ ወርቃማ ክር ያለው፣ ልጇ ዛህራ ጅዳ ስትሄድ ከራሷ ላይ ፈትታ የተወችላት ነው። ሳሌሃ በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና "አዛለች፣ አረንጓዴ ሻሽ አላየሽም? ነፋስ ወደናንተ ጥሎት ከሆነ ብዬ ነው" አለች። አባባሏ ግን ነፋሱን የሚጠረጥር አልነበረም። አዛለችም እንዲህ ያለውን ነገር የምታልፍ ሴት አይደለችም። "ነፋስ ያመጣውን እመልሳለሁ። ያላመጣውን ከየት ልውለድልሽ?" አለቻት። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ቤት መካከል ሰላምታው ቀዘቀዘ።

ሻሹን ያገኘው ጋሽ ገብሬ ነው። አንድ ማለዳ ከጓሮው ሆኖ ጎጆውን በሌንሱ ሲያይ በእንጨቶቹ መሐል አረንጓዴ ነገር ወጣ ብሎ ታየው። ላዩ ላይ የጭልፊቷ ጫጩት አፏን ከፍታ ተጎልታለች። "አገኘሁት!" ብሎ ሊጮህ ምንም አልቀረው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው በአጥሩ ላይ ሳሌሃን ተጣርቶ ነገሩን ይገላግለው ነበር። ጋሽ ገብሬ ግን ጋሽ ገብሬ ነው። ከሩቅ ስለተነሳ ፎቶው ብዥ ይላል፤ ፌስታል ነው ብትለኝስ? አንተ ነህ ወስደህ የሰቀልከው ብትልስ? እንዲህ እያለ ራሱን አስፈራራ። ለአዛለችም አልነገራት፤ ብትሰማ ያን ሰዓት አጥር ላይ ወጥታ ሰፈሩን ቀውጢ ታደርገዋለች። ወርቃማው ክር ጥርት ብሎ የሚታይበት አንድ ፎቶ ካነሳ በኋላ አሳጥቦ፣ ለሳሌሃ በእጇ ሰጥቶ ሁለቱን ሴቶች ሊያስታርቅ ቆረጠ።

በየማለዳው ከጓሮው ሞከረ። ክሩ አልታይ አለ። እንግዲህ ወደ ታወሩ ጠጋ ማለት ነው። ጠጋ አለ፣ እስከ አጥሩ ሽቦ ድረስ። ካሜራውን ወደ ላይ አነሳ። ወርቃማው ክር ፀሐይ ላይ ብልጭ አለለት፤ ቀጭ አደረገው። በደስታ ፈገግ ከማለቱ ከኋላው አንድ ድምፅ መጣ።

"ቁም! እንዳትንቀሳቀስ!"

ሀቢቡ ነው፣ ታወሩን የሚጠብቀው ጎረምሳ። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዷል። ጋሽ ገብሬ ክው ብሎ ቀረ። እጁን ወደ ላይ ላንሳ ወይስ ካሜራውን ልያዝ ብሎ ሲያመነታ ሀቢቡ መጥቶ ካሜራውን ከአንገቱ አወጣው።

"ወፍ... ወፍ እኮ ነው" አለ ጋሽ ገብሬ።

"ወፍ ነው አይደል? ጥቆማ ደርሶን ስንጠብቅህ ነው የሰነበትነው። ቅደም!"

ጥቆማ! ማነው የጠቆመው? ከነማን ጋር ነው የምኖረው? ገበያ ቀን ነበር። መንገዱ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ ከመስቃን ገጠር በርበሬ ጭኖ በመጣ ሰው ተሞልቷል። ሀቢቡ ጠመንጃውን ይዞ ከኋላ፣ ጋሽ ገብሬ ከፊት። የሚያውቀው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። "ጋሽ ገብ..." ብሎ ሰላምታ የጀመረው ጠመንጃውን ሲያይ አፉን ይዘጋል፣ ሌላው ድንገት ጫማውን ማሰር ያምረዋል። ጋሽ ገብሬ መሬት መሬት እያየ ሄደ። ሱቆቹን አለፈ፣ የሳሌሃንም ሱቅ አለፈ፣ የማንንም ፊት ለማየት ድፍረት አልነበረውም።

ጣቢያ ውስጥ የጠበቀው ሳጅን ምስጋና የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። "ይቀመጡ መምህር" አለው። ቢጮህበት ይሻለው ነበር፤ ትሕትናው የባሰ አስፈራው። ሳጅኑ ካሜራውን ከፍቶ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ታወሩ... ማለቴ ጭልፊት ናት። ታወሩ ላይ ያለችው።"

"ይሄስ?"

"ቁራ ነው። የባንኩ ሕንፃ ጫፍ ላይ።"

"ይሄ የውሃ ታንከሩ ነው።"

"ጥንብ አንሳ አለች። እዚያ ጥግ ላይ ናት፣ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ።"

"ይሄ መውጫው ላይ ያለው ድልድይ ነው አይደል?"

"ጋጋኖ... ከድልድዩ ሥር ነው ውሃ የሚጠጣው።"

ሳጅኑ አንዱ ፎቶ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቀና ብሎ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። "ይሄ የኛው የጣቢያው ባንዲራ መስቀያ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

ጋሽ ገብሬን ላብ አሰመጠው። ወፍ ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ቡታጅራ ውስጥ ደግሞ ከፍ ያለው ምንድነው? ታወር ነው፣ ባንክ ነው፣ ታንከር ነው፣ የመንግሥት ቤት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ወፉን ብቻ ሲያይ ወፉ ምን ላይ እንደተቀመጠ አንድም ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። አሁን በሳጅኑ ዓይን ሲያየው ከተማዋ ቁልፍ ቁልፍ ቦታዋ ሁሉ በዚያ ካሜራ ውስጥ ተሰድሯል። እሱም ራሱን ጠረጠረ።

ሳጅኑ ካሜራውን ወደ ፊቱ አስጠጋና አፍንጫውን ነፋ አደረገ። ደግሞ አሸተተው።

"መምህር፣ ይሄ ነገር ለምንድነው ቆጮ ቆጮ የሚሸተው?"

እዚህ ላይ ነው ወሽመጡ ቁርጥ ያለው። ውሸት አያውቅበትም፤ ቢያውቅበትም የዚያን ሰዓት አንድም አልመጣለትም። "ጉድጓድ ውስጥ ቀብረነው ስለነበረ ነው" አለ።

"ቀብራችሁት?" ሳጅኑ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። በሩ አጠገብ የቆመው ሀቢቡም ጠጋ አለ። "ወፍ የሚያነሱበትን ካሜራ ቀበሩት? ንፁህ ሰው ምን ያስቀብረዋል?"

"ፈርቼ ነው።"

"ምን ፈርተው?"

ጋሽ ገብሬ እናንተን ነው እንዳይል ያስገድሉኛል ብሎ ፈራ። ማንንም አልፈራሁም እንዳይል ደግሞ መሬት ውስጥ የቀበረውን ነገር በምን ያስረዳል? ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ።

"ስሜን" አለ። "ስሜን ፈርቼ ነው።"

ሳጅኑ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን ልዘንለት ወይስ ልጠርጥረው የሚለውን እሱም የቆረጠ አይመስልም። "መምህር፣ ጥቆማ የመጣበትን ነገር እንዲሁ ልለቅ አልችልም" አለ በመጨረሻ። "ንግድ ፈቃድ ያለው፣ የሚያውቅዎት የከተማው ነዋሪ መጥቶ ዋስ ይሁንዎት። እስኪመሽ የሚመጣ ከሌለ ግን ነገሩን ለበላይ አስተላልፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ከኔ እጅ ወጣ ማለት ነው።"

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። አዛለች ወሬው ደርሷት እየሮጠች መጣች፤ ያቺ እባብ የማትፈራ ሴት ከንፈሯ ነጥቷል። "ዋስ ነው የሚሉት? ዋስ ከሆነማ ከተማው ሙሉ ሰው አለን!" አለችና ነጠላዋን አደግድጋ ተመልሳ ሮጠች።

ከተማው ሙሉ ሰው። ጋሽ ገብሬ ቁጭ ብሎ ሰዎቹን በልቡ አሰለፋቸው። ዳማ ተጫዋቹ ሻይ ቤት አለው፣ ፈቃድ አለው። የዕድራቸው ሰብሳቢ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፤ እናቱ የሞተች ጊዜ ሌሊቱን አብሮት ያደረው ጋሽ ገብሬ ነው። ያስተማራቸው ልጆች ስንቱ ነጋዴ ሆኗል! ይመጣሉ። ለምን አይመጡም? ደግሞ ወዲያው ብርድ ብርድ አለው። እስር ቤቱን ፈርቶ ነበር፣ አሁን ግን እስር ቤቱ ከሐሳቡ ጠፍቶ ሌላ ፍርሃት መጣበት፤ ማንም ባይመጣስ? ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት ከማንም ጋር አልነበረም ማለት ቢሆንስ? የበሩ ብረት በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላል፤ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። በላዩ ላይ አንዲት ጭልፊት እያፏጨች ትዞራለች። ድምፅዋን ለይቶ ያውቀዋል። ቀና ብሎ ሊያያት ግን ፈራ፤ ሀቢቡ እያየው ነው።

አዛለች ተመለሰች። ብቻዋን ነው። አጠገቡ ተቀመጠችና ወደ መሬት አየች። "ባለ ሻይ ቤቱ ሚስቴን ልጠይቃት አለ። የዕድሩ ሰብሳቢ ነገ ቢሆን ጥሩ ነው አለ። ዳይሬክተራችሁ ሰው ይፈልግልን ብዬ ብሄድ ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። ሌሎቹ..." አልጨረሰችውም። ሀያ ምናምን ዓመት አብራው ኖራ እንደዚያ ስታለቅስ ያየበት ቀን አልነበረም። ጋሽ ገብሬ እጇን ያዘ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል በሩ እንደገና ጮኸ።

"አሰላሙ አለይኩም" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሳሌሃ ናት። ሱቋን እንዳለ ዘግታ መጥታለች፤ እጇ ላይ የበርበሬው ብናኝ አልተራገፈም። ፈቃዷን በፌስታል ይዛለች። አዛለች አፏን ከፍታ ቀረች፤ እሷን ነው አንኳኩታ ያልጠየቀቻት፣ በሻሹ ኩርፊያ የተነሳ። ሳሌሃ ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ሳጅኑ ገባች።

"ለመምህሩ ዋስ ልሆን ነው የመጣሁት።"

"ያውቁታል?"

"ጎረቤቴ ነው። የቤቱን ሳል እንኳ አውቀዋለሁ።"

ወረቀቱ መጣ፣ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ጣቷን ስትጠርግ ዓይኗ ሳጅኑ ጠረጴዛው ላይ የመጨረሻውን ፎቶ ከፍቶ ወደ ተወው ካሜራ ሄደ። ጎንበስ አለች፣ ደግማ ጎንበስ አለች። "ያ አላህ! ይሄ የዛህራ ሻሽ አይደለም እንዴ?" አለች። ሳጅኑ ፎቶውን አጎላው። ጎጆው፣ ጫጩቷ፣ አረንጓዴው ጨርቅ፣ ዳሩ ላይ ወርቃማው ክር። ሳጅን ምስጋና የጀመረውን ሳቅ በሳል አሳለፈው። ካሜራውን አንስቶ ለጋሽ ገብሬ መለሰለት። "መምህር፣ ከእንግዲህ ወደ አጥሩ ከመጠጋትዎ በፊት ለጥበቃው ይንገሩት" አለ። ሳሌሃ ግን አልሳቀችም፤ እንባዋ መጥቶ ነበር።

ከጣቢያው ሦስቱም አብረው ወጡ። ሰው ጭር ያለበት ጥግ ላይ ሲደርሱ ሳሌሃ ቆመች።

"ጋሽ ገብሬ፣ ቁም እስቲ። የጠቆምኩት እኔ ነኝ።"

አዛለች "ምን አልሽ?" ብላ ስትዞር ጋሽ ገብሬ ክንዷን ያዘ።

"ሻሼን እናንተ የወሰዳችሁ መስሎኝ ጓሯችሁን በመስኮት ስጠብቅ ሰነበትኩ" አለች ሳሌሃ። "አዛለች ጠምጥማው ስትወጣ እይዛታለሁ ብዬ። እሷን ስጠብቅ አንተን አየሁህ። በየማለዳው ያንን ነገር ታወሩ ላይ ትደግናለህ። ወላሂ ፈራሁ! የዛህራ ድምፅ የሚመጣልኝ በሱ ነው። አንድ ነገር ቢሆን ልጄን በምን እሰማታለሁ? ነገ ደግሞ አይተሽ ዝም ብለሻል ቢሉኝስ ብዬ ለሀቢቡ ነገርኩት። ከዚያ በሱቄ ደጅ ሲያሳልፉህ ፊትህን አየሁት። አንድ ሰው ይደርስለታል ብዬ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። ማንም ወንበሩን አልለቀቀም። እኔው ነኝ የበላሁት ብዬ መጣሁ። አሁን የፈለግከውን በለኝ።"

ለጋሽ ገብሬ ንዴት ቢመጣለት ደግ ነበር። የመጣው ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ባለበት ከተማ ለሱ ብሎ የተነሳ አንድ ሰው ተገኘ፤ እሷም የጠቆመችበት ሴት ሆነች። እሷ ባትጠቁምበት ኖሮ እሷም አትመጣም ነበር። ይህን ሲያስብ ጠመንጃ ተደግኖበት ከፈራው ይልቅ ፈራ። "ግቢ፣ ይመሽብሻል" አላት ብቻ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍም አልነበረው። የበር መንኳኳት ያስደነብረዋል። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሲወድቅ ይበረግጋል፣ ተማሪዎቹም ዝም ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ጧት ለአዛለች "መልሰሽ ቅበሪው" አላት። አዛለች ልትሟገተው ጀመረችና ፊቱን ስታይ ተወችው። ጓሮ ወጣች፣ ድንጋዩን አነሳች፣ የእንሰት ቅጠሉን ገለጠች። ጋሽ ገብሬ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። ያ ሽታ መጣበት።

"ጋሽ ገብሬ! ኧረ ጋሽ ገብሬ!"

ሳሌሃ ናት፣ በአጥሩ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ እየጮኸች። "ልትበር ነው! የጭልፊቷ ልጅ ልትበር ነው! ክንፏን እያራገበች ነው፣ ካሜራህን ይዘህ ና!"

"ዝም በይ፣ በአላህ ይሁንብሽ ዝም በይ" አለ ጋሽ ገብሬ ግራ ቀኝ እያየ።

"ዝም አልልም! ዝም ብዬ በመስኮት ሳይ አይደል ይሄ ሁሉ የመጣው? ና ውጣ!" አለችና ራሷ በበሩ ዞራ ወደ ታወሩ ሄደች። ሀቢቡ ጠመንጃውን ይዞ ብቅ ሲል ፊቱ ቆመች። "ምን ታያለህ? ወፍ ሊያነሳ ነው። ዋሱ እኔ ነኝ፣ ጣቴን ነክሬ ፈርሜለታለሁ!" ሀቢቡ አንገቱን አከከና ወደ ጥላው ተመለሰ።

አዛለች ባሏን አየችው። ከዚያ ምንም ሳትናገር የእንሰት ቅጠሉን መለሰች፣ ድንጋዩን ባዶው ቦታ ላይ ጫነች። ጋሽ ገብሬ ካሜራውን ታቅፎ ቀረ። ወጣ፤ እግሩ እየከዳው ቢሆንም ወጣ። የሰፈሩ ሰው በየበሩ ቆሟል፣ ባለ ሻይ ቤቱም አለ። ማንም አልተጠጋም። በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል አልፎ ያን ቀን የተያዘባት ቦታ ላይ፣ አጥሩ ሥር፣ ሳሌሃ አጠገብ ደረሰ።

ካሜራውን ወደ ላይ አነሳ። እጁ ይርገፈገፋል፤ ወፉ በሌንሱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሳሌሃ አየችው። ጠጋ አለችና ክንዱን ከሥር ደገፈችው፣ ያ መንቀጥቀጡ እንዲቆም። አልቆመም። እንዲያውም ባሰ።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?" አላት ዓይኑን ሳያነሳ።

"ፈርቼ ነዋ! እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?"

ጫጩቷ ከአረንጓዴው ሻሽ ላይ ተነስታ ዘለለች። ጋሽ ገብሬ ቀጭ አደረገ።

ፎቶው ዛሬ ሳሌሃ ሱቅ ውስጥ ከበርበሬው ጆንያ በላይ ተሰቅሏል። ጠጋ ያለ ሰው አሁንም ቆጮ ቆጮ ይሸታል ይላል፣ ግን ያ እንኳ ውሸት ነው፣ ወረቀት ነው። የሚታየው ብዥ ያለ ክንፍና አንዲት አረንጓዴ ሰረዝ ነው፤ ሌላ ምንም አይለይም። በርበሬ ሊያስመዝን የመጣ ሰው ሁሉ ምንድነው ብሎ ይጠይቃታል።

"የሻሼ ሌባ ናት" ትላለች ሳሌሃ።

"ታዲያ ለምን እንዲህ ብዥ አለ?"

"ያነሱት ሁለት ፈሪዎች ናቸው" ትልና ወደ ሚዛኗ ትመለሳለች።